ገባች እስኪባል

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ጥሩሸዋ፤
ዘመሮ

እንደምን ከርመዋል? የመንዝ ውርጭ ጉልበትዎ ላይ እንዳይበረታ እመቤታችንን እለምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዳዘዙኝ በእጄ፣ በስክሪብቶ፣ ኅዳግ ትቼ እየጻፍኩ ነው። ፎቶ አንሥቼ ለእየሩስ እልክላታለሁ፤ እሷም ከፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ታመጣልዎታለች።

የምጽፍልዎት ለትምህርቴ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ በቡድን ሆነን ለአንድ ዘፈን ቪዲዮ መሥራት አለብን። ዘፈኑን የጻፈችው ሄልሚ የምትባል የክፍል ጓደኛዬ ናት። ሴት ልጅ በሌሊት ብቻዋን ስትሄድ ስለሚሰማት ፍርሃት ነው። ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ። ያሰብነው እንዲህ ነው፦ ልጅቱ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። በረዶ ነው። ዝም ብላ ትሄዳለች። ከኋላዋ ኮቴ ይሰማል። ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል። የመንገዱ መብራቶች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከበሯ ስትደርስ ቁልፉ ከእጇ ይወድቃል፤ እዚያ ላይ ያልቃል።

መምህራችን «ከየአገራችሁ አንድ ነገር አምጡ» አለን። የመንዝ ሴቶች በሌሊት ሲሄዱ ፍርሃታቸውን የሚያባርሩበት ዘፈን ወይም እንጉርጉሮ ይኖር ይሆን?

እዚህ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል። የማታውን ትምህርት ከቤቴ ሆኜ በኮምፒውተር ስለምከታተል ግን ብርዱ አያገኘኝም።

መልስዎን በጉጉት የምጠብቅ፣ የእህትዎ የዓለሚቱ የልጅ ልጅ
ጽናት


ዘመሮ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበቴ እንደ ዕድሜው ነው። ደብዳቤሽን ዛሬ ማለዳ፣ የኪዳኑን ደወል ከአልጋዬ ሆኜ ካዳመጥኩ በኋላ፣ ደግሜ አነበብኩት። ኅዳጉን ጠብቀሻል። «በጉጉት» የሚለውን ቃል ግን ተዪው፤ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠ አሁን ምንም አይናገርም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ዘፈን የለም። እዚህ በሌሊት የሚዘፍን ሰካራም ነው። ያለው ሌላ ነው። አስቀድሜ ግን ዕቅዳችሁ ውስጥ ያለውን ስሕተት ልንገርሽ። ልጅቱ ዝም ብላ ትሄዳለች አልሽ። ለምን ዝም ትላለች? በእኛ አገር በጨለማ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ሌባ ብቻ ነው። ጅብ እንኳ ጮኾ ያልፋል።

ልጅ ሳለሁ፣ ጓሳ፣ ያ የወል የሣር ምድር፣ ለአጨዳ በተከፈተ ሰሞን ወንዶቹ ሣር ሊያጭዱ ይወጡና መንደሩ የሴት ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ጭንቅ ቢመጣ፣ አዋላጅ ቢያስፈልግ፣ መርዶ ቢኖር፣ የምትሄደው ሴት ናት፤ ያውም ብቻዋን። ከመውጣቷ በፊት በሯ ላይ ቆማ ትጣራለች፦ «ተቀበሉኝ! የአደይ ልጅ ነኝ!» የምትጠራው የእናቷን ስም ነው፤ የእኔ እናት አደይ ነበረች። የራስን ስም ለጨለማ አይሰጡም። ቀጥሎ ያለው ቤት በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ የኩበቱ እሳት ብርሃን መንገዱ ላይ እንደ ክር ይወድቃል። የቤቲቱ ሴት «ተቀብለናል፣ እለፊ!» ትላታለች። ካለፈች በኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው ቤት «ተቀበሉ! የአደይ ልጅ መጣች!» ብላ ታስተላልፋታለች። እንዲህ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተሻገረች ትደርሳለች። ስትደርስ «ገባሁ!» ትላለች። ያ ቃል «ገባች! ገባች!» እየተባለ በየቤቱ ወደ መጣችበት ይመለሳል። «ገባች» እስኪባል ማንም በሩን አይዘጋም። ይህን ሽኝት እንለዋለን።

እናትሽ ሰብለወንጌል የተወለደች ሌሊት አዋላጇን ሄጄ የጠራሁት እኔ ነኝ። በሽኝት ነው የሄድኩት።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የማታ ትምህርት እንዴት ከቤት ይሆናል? ስትቆም የሚቆመውንስ ኮቴ ከእናንተ መካከል የጻፈው ማነው?

አክስትሽ
ጥሩሸዋ


ታምፔሬ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ጥሩሸዋ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት። ደብዳቤዎን እየተረጎምኩ ለክፍሉ አነበብኩት። ስጨርስ ሄልሚ «እናትሽ የተወለደችው እንዲህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እናቴም የምታውቅ አይመስለኝም። ቤት ገብቼ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስመለከተው አመሸሁ፤ ከዚያ ሁሉ በር አንዱ ባይከፈት እኔ አልኖርም ነበር።

መምህራችን ሊሰማው ይፈልጋል። እባክዎ፣ ሴቶቹ ሲጣሩ እየሩስ በስልኳ ትቅረጽልን። ድምፃቸውን ቪዲዮው ውስጥ ልናስገባው አስበናል።

የማታ ትምህርቱ ከቤት የሆነው በብርዱ ምክንያት ነው። ኮቴውን የጻፍነው ሁላችንም ነን።

ቅር ካላለዎት እኔም ልጠይቅዎት። የኪዳኑን ደወል ከአልጋዬ ሆኜ አዳመጥኩ ብለውኛል። እኔ በየክረምቱ እዚያ ስመጣ ደወሉ ሳይደወል ማርያም ደርሰው ነበር የሚገኙት።

ልጅዎ ጽናት


ዘመሮ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። የዘገየሁት መንገዱም ኔትወርኩም ተዘግቶ ስለከረመ ነው።

ሽኝትን ልንቀርጽልሽ አንችልም፤ የለም። መቼ እንደቀረ በትክክል ልነግርሽ እወድ ነበር፤ አላውቀውም። ባትሪ መጣ፣ መብራት ገባ፣ ስልክ መጣ። ከዚያ ደግሞ ይህ ዘመን መጣ፤ በመንገዱ የሚያልፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ በር ይቀረቀራል። ከውጭ ቢጠሩ የሚመልስ የለም።

ደወሉን የምሰማው ከአልጋዬ ነው፤ በትክክል አንብበሻል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሳይነጋ ከቤት አልወጣም። ያየሁት ነገር የለም፤ የነካኝም የለም። አንድ ማለዳ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ሆኖ እምቢ አለኝ፤ በቃ። ለቄሱ «ጉልበቴ ነው» ብያቸዋለሁ። ላንቺ እውነቱን የጻፍኩት ተራው ያንቺ እንዲሆን ነው።

ስትቆም የሚቆም ኮቴ በቡድን አይጻፍም። የተከተለሽ ማነው?

ጥሩሸዋ


ታምፔሬ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ጥሩሸዋ፤

የጥምቀቱ በረከት ይድረስዎት።

በጥቅምት ነው። ከማታ ትምህርት ስመለስ ከመጨረሻው አውቶቡስ ወረድኩ። አንድ ሰው አብሮኝ ወረደ። መናፈሻውን ማቋረጥ ነበረብኝ። የቀረውን ዕቅዱ ላይ አንብበውታል። አልነካኝም፤ አንድ ቃልም አልተናገረኝ። ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ስፈልግ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያየኝ ነበር። ለፖሊስ ምን ብዬ ልንገር? ሰው በመንገድ ሄደ ብዬ?

ከዚያ ወዲህ ከጨለመ አልወጣም። ቀኑ ደግሞ እዚህ አጭር ነው። ለጓደኞቼ አንዴ ጉንፋን ነው፣ አንዴ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ቪዲዮው ግን ውጪ፣ በሌሊት መቀረጽ አለበት፤ ካሜራውም በእኔ እጅ ነው። እስከ መጋቢት ማብቂያ ካልቀረጽን ዓመቱ ይበላሽብኛል። ትቼው ልመጣ የአውሮፕላን ቲኬት ማየት ጀምሬያለሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አደራዎን።

ጽናት


ዘመሮ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

ቲኬቱን አትግዢ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ከወር በላይ ዝም ያልኩሽ የምጽፈው ስላጣሁ ነው። «አትፍሪ» ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ እኔው ራሴ በሬን ቀርቅሬ እንዴት ብዬ? ዓርብ ዕለት የማርያም ማኅበር በተሾመች ቤት ነበር። ተሾመችን ታውቂያታለሽ፣ በጎቿን በየስማቸው የምትጠራው። ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ያኔም አፏ ስለታም ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ነገሩን ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ያንቺን ምሥጢር አላወጣሁም፤ ልጃችን ሽኝት ያስፈልጋታል ብቻ አልኩ።

«የሰብለወንጌል ልጅ ባሕር ማዶ፣ እኛ እዚህ» አለች ተሾመች። «ድምፃችን እዚያ ይደርሳል?»

«እዚሁ ሸኝተን በስልክ ብንቀርጸው ይደርሳል» አለች እየሩስ።

«ታዲያ ስልኩ ይሸኛታ!»

ሳቁ። ጠጄ ግን አልሳቀችም። ጠጄ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ያለችው፣ ባሏ ለሥራ እንደወጣ የቀረባት ናት። «በዚህ ዘመን በር ለድምፅ ይከፈታል፣ እትዬ ጥሩሸዋ? ማን እንደሆነ ሳላውቅ?»

«ማን እንደሆነች እንድታውቂ እኮ ነው የእናቷን ስም የምትነግርሽ።»

«ለመሆኑ የምትሄደው ማናት?» አለች ተሾመች።

«እኔ ነኝ። እሑድ፣ ለኪዳን።»

ተሾመች ትክ ብላ አየችኝና «እርስዎማ ደወሉን ከአልጋ አይደል የሚሰሙት?» አለች። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

«አዎ። ስለዚህ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የተከራከረኝ የለም።

እሑድ ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም። ጠጄ እኔ ቤት እንድታድር ለመንኳት፤ ሽኝት የተነሣበት ቤት ባዶ ከሆነ «ገባች» የሚለውን የሚቀበል የለማ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንደ ወትሮው እምቢ አለ። ጠጄ ከኋላዬ ሆና አልገፋችኝም፤ እሳቱን ቆሰቆሰች። ከፈትኩት። ብርዱ ፊቴን መታኝ። «ተቀበሉኝ!» ስል ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «የአደይ ልጅ ነኝ!»

ልጄ፣ እኔ ቃል በመመጠን የኖርኩ ሴት ነኝ። ይህን ግን በምን ልመጥነው? በሩ ሲከፈት አየሁ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ከበታች ሌላ። ሰማዩ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ በከዋክብት ተሞልቶ፣ መሬት ላይ ደግሞ የየቤቱ ብርሃን እንደ ክር ተዘርግቶ፣ እኔ በመካከል። «ተቀብለናል፣ እለፊ!» ይሉኛል፤ ይህን ሁሉ ዘመን «እርስዎ» ሲሉኝ የኖሩ ሴቶች። የተሾመች ድምፅ ከሁሉ በለጠ። «ተቀበሉ! የአደይ ልጅ መጣች!» ስትል በጎቿ ነቅተው አብረው ጮኹ። እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ስሟ ግን ያን ሌሊት በየበሩ እየተጠራ ከፊቴ ይሄድ ነበር፣ እኔም ልጅ ሆኜ እከተለው ነበር።

ከመጨረሻው ቤት እስከ ማርያም ድረስ ጽድ እንጂ ቤት የለም። አስቀድሜ ያላሰብኩት ይህን ነው፤ ማንን ልጥራ? ጽዱ መሐል ስገባ ከኋላዬ ያለው ብርሃን ጠፋ፣ እግሬም ቆመ። ያንቺን መናፈሻ ያን ጊዜ አየሁት። መመለስ አፈርኩ፤ መሄድ አልቻልኩም። እንዲሁ ወደ ባዶው ገደል ዞሬ «ተቀበሉኝ!» አልኩ።

ዝም አለ።

ቆይቶ፣ ከገደሉ ማዶ፣ ከማዶ አፋፍ፣ ማንም ካልነገራቸው ሰዎች ዘንድ፣ አንድ ድምፅ መጣ። «የማን ልጅ?»

«የአደይ!»

«የአደይ ልጅ! ተቀብለናል! እለፊ!» ጥቁር ገደል ውስጥ አንዲት የብርሃን ስንጥቅ ተከፈተች። ከእሷ በላይ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያም በላይ ሌላ፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ወደ ጓሳ በኩል ሄደ። እነማን እንደሆኑ አላውቅም። ከማዶ አፋፍ ማንንም አላውቅም። ሙሴ ጫማህን አውልቅ የተባለበትን ቦታ የማስተምረው ሲመስለኝ ኖሬ ያን ሌሊት ቆምኩበት።

ቅጥሩ ደርሼ «ገባሁ!» አልኩ። ወደ ኋላ ሲመለስ ሰማሁት፤ «ገባች! ገባች!» እያለ እስከ ቤቴ። ጠጄም ከደጄ ሆና ተቀበለችው።

እየሩስ ከተሾመች ደጅ ሆና ቀርጻዋለች። አዳምጪው። ከዚያ ወስኚ።

አክስትሽ ጥሩሸዋ


ታምፔሬ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ጥሩሸዋ፤

ጾመው ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎት። ቀረጽነው።

የእርስዎን ድምፅ ለክፍሉ ሳሰማ መምህራችን መብራቱን አጠፋ። የማዶ አፋፍ ሰዎች ሲመልሱ ሄልሚ እጄን ያዘችኝ፤ ቋንቋውን ሳታውቅ። የቀድሞውን ዕቅድ ቀደድነው። በረዶውም ቀልጦ ነበር። ልጅቱን የሚጫወት ሰው አልመረጥንም፤ ካሜራው ራሱ ልጅቱ ሆነ። ጓደኞቼ በመንገዱ ዳር ያሉ ሰዎችን እየለመኑ በየመስኮቱ ቆሙ። እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ «የሰብለወንጌል ልጅ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ስሙን ሳምንቱን ሙሉ ተለማምደውታል፤ አሁንም «ሴፕሌ» ነው የሚሉት። እያንዳንዱ በቋንቋው «ተቀብለናል፣ እለፊ» አለኝ። አንድ ሽማግሌ ከአራተኛ ፎቅ «ዝም በሉ፣ ሰው ተኝቷል!» ብለው ተቆጡ። ሄልሚ ቁጣቸውንም አስገባችው፤ «እሳቸውም ነቅተውልሻል» አለች።

ቪዲዮው የሚያልቀው በሩ ሲዘጋ ነው። መምህራችን ተቀብሎታል፤ ዓመቱ ተርፏል። ልኬልዎታለሁ። ተሾመችንና ጠጄን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ጽናት


ዘመሮ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

ቪዲዮውን በትንሣኤ ማግሥት በተሾመች ቤት አየነው፤ ሁላችንም በእየሩስ ስልክ ላይ ተደፍተን። እነዚያ የባዕድ ልጆች የእናትሽን ስም ሲጣሩ ሴቶቹ አማተቡ። ሽማግሌው ሲቆጡ ተሾመች «የእኛው ቄስ ናቸው እንዴ?» ብላ አሳቀችን።

ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ አለቀ። ማንም አልተነሣም።

«ገባች?» አለች ተሾመች።

«በሩ ሲዘጋ አላየሽም?» አለቻት ጠጄ።

«በርማ ነፋስም ይዘጋዋል! እኔ የምጠይቀው ገባች ወይ ነው።»

ስልኩን መልሰን አየነው። አላልሽም። ሥራችሁን አላርምም፤ እኔ ከማርመው በላይ ነው። ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ጠብቀሽ ይህን አንዱን የተውሽው ስለረሳሽ አይመስለኝም። ተሾመች ከዚያ ማታ ወዲህ በሯን አልቀረቀረችም፤ በግ ቢጠፋት የምትጠይቀው አንቺን እንደሆነ ንገሪያት ብላኛለች። ጠጄም አልዘጋችም። በእኔም በር ብርዱ እየገባ ነው።

ጥሩሸዋ


ታምፔሬ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ጥሩሸዋ፤

አልረሳሁትም። ያን ማታ ከቀረጻው በኋላ ቤቴ ያደረሱኝ ጓደኞቼ ናቸው፤ በሦስት ሆነው፣ እስከ በሩ። ከዚያም በኋላ በጨለማ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያልገባሁትን «ገባሁ» ማለት አልሆነልኝም። ውሸት መሆኑን እርስዎ ከዚያ ሆነው ይሰሙታል ብዬ ፈራሁ።

እዚህ አሁን ሌሊቱ እያለቀ ነው። ጥቂት ከቆየን እስከ ነሐሴ ጨለማ የሚባል አይኖርም። ከጥቅምት ጀምሮ ስሸሸው የነበረ ጨለማ ሊሄድብኝ ሲል ደነገጥኩ። ስለዚህ ትናንት በመጨረሻው አውቶቡስ መጣሁ። ለማንም አልነገርኩም። መናፈሻውን አቋረጥኩ። መሐሉ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ከኋላዬ የሚቆም ነገር አልነበረም። ቢኖርም እንኳ ዝም አላልኩም፤ የእናቴን ስም እየጠራሁ ነበር የምሄደው፣ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ። ውሻ የያዘ አንድ ሰው ደንግጦ መንገድ ለቀቀልኝ። ቁልፉ ከእጄ አልወደቀም።

እማማ፣ ገባሁ።

ጽናት


ዘመሮ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወንጌል ልጅ፤

ደብዳቤሽን እየሩስ ያመጣችው ቀን ላይ ነው። በቀን አይባልም ብዬ አቆየሁት። ትናንት ልደታ ነበረች፤ ሰፈሩ ውጪ ንፍሮ ሲበላ፣ ሲመርቅ አምሽቶ ወደየቤቱ ገባ። ጨለማው ሲረጋ ደጄ ላይ ቆምኩና የቻልኩትን ያህል ተጣራሁ፦ «የሰብለወንጌል ልጅ ገባች!»

«ገባች!» አለች ጠጄ። «ገባች! ተመስገን!» አለች ተሾመች፤ የበጎቿን በር ወርውራ ስትዘጋው እዚህ ድረስ ተሰማ። ወደ ታች ሄደ። ከጽዱ ደርሶ ያልቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ከገደሉ ማዶ፣ ቪዲዮም ደብዳቤም ያላዩት ሰዎች «ገባች!» ብለው ተቀበሉት፤ ወደ ጓሳ በኩል እየቀጠነ ወጣ። የት ድረስ እንደሄደ አላውቅም። ልጠይቅም አልፈልግም።

ከዚያ በሮቹ መዘጋት ጀመሩ። አንድ በአንድ ሰማኋቸው። የመጨረሻው ሲዘጋ እኔም ዘጋሁ። ለኪዳን መነሣት ስላለብኝ ወዲያው ተኛሁ።

ጥሩሸዋ፣ የአደይ ልጅ